«ያፈሳል» እና «አየር ይስባል»፦ የአሮጌ ናፍጣ ፒካፕ የነዳጅ ብልሽት በአማርኛ መመሪያዎች

1. መነሻ

የቴክኒክ ቃላት ስያሜ ሥራ በአገራችን ሲካሄድ የቆየው በአብዛኛው በስም ላይ ነው። አዲስ ዕቃ ከውጭ ይመጣል፤ ስም ይፈለግለታል፤ ባለሙያዎች ተሰብስበው ይመክሩበታል፤ በመጨረሻም በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ አማርኛው ሰፍሮ የቃላት ዝርዝር ሆኖ ይወጣል። ይህ አሠራር ዕቃን ለመግዛት፣ ለመቁጠርና በመዝገብ ለማስፈር የሚሰጠው ጥቅም አያከራክርም። የታመመን ሞተር መርምሮ የሕመሙን መንስኤ ለማግኘት ግን አይበቃም። ሹፌር ወደ ጋራዥ ሲመጣ የዕቃ ስም ይዞ አይመጣም፤ መኪናው ምን እንዳደረገ ሊናገር ይመጣል። «ጠዋት አልነሳ አለኝ»፣ «ዳገት ላይ ጉልበት አጣ»፣ «ስልል ብሎ ጠፋ» ይላል። የሚናገረው በግስ ነው፤ መካኒኩም የሚያዳምጠው ግሱን ነው። የጽሑፍ መመሪያዎቻችን የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየተመለሱ በማሠልጠኛ ክፍሎችና በጋራዦች የሚሠራባቸውን የናፍጣ ሞተር መመሪያዎች ቋንቋ መተቸት ነው። ትችቱ በአንድ ተርጓሚ ወይም በአንድ ተቋም ላይ ያነጣጠረ አይደለም። በምሳሌነት የሚቀርቡት ዓረፍተ ነገሮችም ከአንድ ከተወሰነ ጽሑፍ የተቀዱ ሳይሆኑ፣ የተለመደውን የትርጉም አካሄድ ለማሳየት ለዚሁ ጽሑፍ የተዘጋጁ ናቸው።

ለምሳሌነት የተመረጠው በሜካኒካል ፓምፕ የሚሠራው አሮጌው የቶዮታ ሃይሉክስ ፒካፕ፣ ይኸውም 2.4 ሊትሩ «2ኤል» ወይም 2.8 ሊትሩ «3ኤል» የናፍጣ ሞተር የተገጠመለት ነው። ምርጫው ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛ፣ ይህ መኪና በአገራችን ከተማና ገጠር ሳይለይ ሰው፣ እህልና ዕቃ ሲያመላልስ የኖረ፣ ዛሬም የብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ የሆነ ነው። ሁለተኛ፣ ብልሽቱን በቁጥር መዝግቦ የሚናገር ኮምፒዩተር የለውም። በእንዲህ ያለ መኪና ላይ የምርመራው የመጀመሪያ መሣሪያ ቋንቋ ነው፤ ሹፌሩ በትክክል ካልተናገረ፣ መካኒኩ በትክክል ካልሰማ፣ መመሪያውም በትክክል ካልጻፈ፣ የሚፈታው ያልተበላሸው ዕቃ ይሆናል።

2. ናፍጣው የሚሄድበት መንገድ

ቃላቱን ለመመዘን በቅድሚያ ነገሩን ማወቅ ያስፈልጋል። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በካንዴላ ብልጭታ አይቀጣጠልም። አየሩ በፒስተኑ ታምቆ እጅግ ሲግል ናፍጣው ይረጭበትና በራሱ ይነዳል። ሩዶልፍ ዲዝል የዚህን ሞተር የፈጠራ ባለመብትነት በጀርመን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1893 ሲሆን፣ የሮበርት ቦሽ ኩባንያ ናፍጣውን በግፊት የሚልከውን ፓምፕ በብዛት ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1927 ነው። በምንነጋገርበት ፒካፕ ላይ ያለውም የቦሽን ንድፍ የተከተለ አከፋፋይ ፓምፕ ነው።

ናፍጣው ከሳልባትዮ ይነሣል፤ በቱቦ ወደ ፊት መጥቶ ውሃና ቆሻሻ በሚቀርበት ማጣሪያ ያልፋል፤ በማጣሪያው አናት ላይ በእጅ የሚጫን ትንሽ ፓምፕ አለ፤ ከዚያ ወደ ዋናው ፓምፕ ይገባል፤ ዋናው ፓምፕ በአራት ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች ለአራቱ ኢኞቶሪዎች ያከፋፍላል፤ የተረፈው በመመለሻ ቱቦ ወደ ሳልባትዮው ይመለሳል።

ለቋንቋ ጥናታችን ዋናው ቁም ነገር ይህ መንገድ ሁለት ወገን ያለው መሆኑ ነው። ከሳልባትዮ እስከ ዋናው ፓምፕ ያለው የመሳብ ወገን ነው። በዚህ ሞተር ላይ ናፍጣውን ከኋላ የሚገፋ ሌላ ፓምፕ ስለሌለ፣ በዋናው ፓምፕ ሆድ ውስጥ ያለ አንድ ክፍል ራሱ ይስበዋል፤ ሞተሩ ሲሠራ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት በውጭ ካለው አየር ያነሰ ይሆናል። ከዋናው ፓምፕ እስከ ኢኞቶሪዎቹ ያለው ደግሞ የግፊት ወገን ነው። በዚያ ወገን ግፊቱ ከ100 ባር ይበልጣል፤ የፒካፕ ጎማ የሚነፋው በ2 እና በ4 ባር መካከል መሆኑን ስናስብ ልዩነቱ ግልጽ ይሆንልናል።

3. አንድ የእንግሊዝኛ ቃል፣ ሦስት የአማርኛ ግስ

እንግሊዝኛው ለሁለቱም ወገን የሚጠቀምበት አንድ ቃል አለው። ፈሳሽ ከውስጥ ወደ ውጭ ሲወጣም፣ አየር ከውጭ ወደ ውስጥ ሲገባም በዚያው ቃል ይጠራዋል፤ አንባቢው ልዩነቱን ከዐውዱ ይለያል። ተርጓሚዎቻችን ለዚህ ቃል ያለማቋረጥ የሚሰጡት አቻ «ፍሳሽ» ወይም «ማፍሰስ» ነው። በመሆኑም የሚከተለውን የመሰለ ትእዛዝ ይጻፋል፦ «ከታንከሩ እስከ ፓምፑ ያለው መስመር የሚያፈስ መሆኑን ይመርምሩ።»

ዓረፍተ ነገሩ በሰዋስው ረገድ እንከን የለበትም። ችግሩ ግሱ ነው። «ፈሰሰ» በሥሩ ፈሳሽን ይዟል። «ጣራው ያፈሳል» ስንል ውሃው ወደ ቤት ውስጥ የሚገባ ቢሆንም፣ የሚያልፈው ነገር ፈሳሽ ነው፤ ይታያል፣ ያረጥባል። አየር ለሚያስወጣ ነገር ግን አማርኛ ይህን ግስ አይሰጥም፤ ጎማ «ተነፈሰ» እንጂ «ፈሰሰ» አይባልም። እንግዲህ «ያፈሳል» የሚለውን ቃል ያነበበ መካኒክ የሚፈልገው እርጥብ ቦታ ነው። በመሳብ ወገን ያለ ስንጥቅ ደግሞ ሞተሩ ሲሠራ ናፍጣ አያስወጣም፤ አየር ያስገባል። የደረቀ የጎማ ቱቦ፣ በደንብ ያልተቀመጠ የማጣሪያ ጓርኒሲዮን፣ የተቀደደ የእጅ ፓምፕ ሽፋን፣ ሁሉም ከውጭ ሲታዩ ደረቅ ሊሆኑ ይችላሉ።

ውጤቱን መገመት አያስቸግርም። መካኒኩ መስመሩን በባትሪ መብራት እያየ፣ በጨርቅ እየጠረገ ይከተለዋል፤ ጠብታ አያገኝም፤ «መስመሩ ደኅና ነው» ብሎ ይደመድማል። ቀጥሎ ያለው ተጠርጣሪ ዋናው ፓምፕ ነው። ፓምፑ ይወርዳል፤ ወደ ፓምፕ ጠጋኝ ይላካል፤ ባለንብረቱ ብዙ ገንዘብ ይከፍላል፤ መኪናው ሥራ ፈትቶ ይቆማል። ፓምፑ ተመልሶ ሲገጠም አየሩ እንዲወጣ ስለሚደረግ ሞተሩ ይነሣል፤ ሁሉም ደስ ይለዋል። ሌሊቱን በዚያችው ስንጥቅ አየር ይገባል፤ ናፍጣው ወደ ሳልባትዮው ይሸሻል፤ በማግሥቱ ጠዋት ያው «አልነሳ አለኝ» ይሰማል።

የጋራዥ ሰዎች ለዚህ ሁኔታ የተስተካከለ አነጋገር አላቸው፤ «አየር ይስባል» ይላሉ። በሁለት ቃላት የሚያልፈው ነገር አየር መሆኑን፣ አቅጣጫው ወደ ውስጥ መሆኑን፣ የሚንቀሳቀሰውም ከፓምፑ ስበት የተነሣ መሆኑን ይናገራል። ምርመራውንም አብሮ ይጠቁማል። አየር የሚፈለገው በጨርቅ አይደለም። ከዋናው ፓምፕ በፊት ባለው ቦታ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ ይገባና ሞተሩ ሲሠራ አረፋ ያልፍ እንደሆነ ይታያል። ወይም ንጹሕ ናፍጣ ያለበት ጀሪካን ከፓምፑ ከፍ ብሎ ይቀመጥና ፓምፑ በአጭር ቱቦ በቀጥታ ከጀሪካኑ እንዲጠጣ ይደረጋል፤ በዚህ ጊዜ ሞተሩ ያለ ችግር ከሠራ ፓምፑ ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ ከሳልባትዮ እስከ ፓምፕ ባለው መንገድ ላይ ነው። ጀሪካንና አንድ ክንድ ቱቦ የፓምፕ ማውረጃን ወጪ ያስቀራሉ።

በግፊት ወገን ያለው ነገር ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። «ፍሳሹን በእጅ በመዳሰስ ይፈልጉ» የሚል መመሪያ በውሃ ቱቦ ላይ ጉዳት የለውም። ከ100 ባር በላይ ግፊት ባለበት የብረት ቱቦ ላይ ግን ከፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ የሚወረውረው ናፍጣ ቆዳን በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ቁስሉ ከውጭ ሲታይ የመርፌ ቀዳዳ ሊያህል ይችላል፤ ሆኖም ሰውየው ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል ካልተወሰደ ጣቱን ወይም እጁን ሊያሳጣው ይችላል። ስለዚህ በዚህ ወገን የሚፈለገው በካርቶን ነው፤ እጅ አይቀርብም። «ያፈሳል» የሚለው ለስላሳ ግስ ይህን አደጋ ይሸፍናል። እኔ በበኩሌ ለዚህ ወገን «በግፊት ይተፋል» የሚለውን እመርጣለሁ፤ የሰማ ሰው ፊቱን ያርቃልና።

«ያፈሳል» እና «ያንጠባጥባል» ቦታ አጥተው አይቀሩም። ለመመለሻ ቱቦው፣ ለሳልባትዮው፣ ለማጣሪያው ሥር የውሃ ማውጫ ትክክለኛ ቃላት ናቸው። እዚያ የሚወጣው ናፍጣ ነው፤ በዝግታ ይወጣል፤ በዓይንም ይታያል። እንግዲህ አንዱ የእንግሊዝኛ ቃል በአማርኛ በሦስት ግሶች ሊመለስ ይገባል ማለት ነው። ለአንድ የውጭ ቃል አንድ አቻ ብቻ የሚሰጥ ዝርዝር ይህን ክፍፍል ሊያሳይ አይችልም፤ ተርጓሚውም ዝርዝሩን አክብሮ ይሳሳታል።

4. ሦስት የተምታቱ ስያሜዎች

ተመሳሳይ መምታታት በስሞችም ላይ ይገኛል። ከሁሉ በፊት «መተንፈሻ» የሚለውን እንመልከት። የሳልባትዮው ክዳን አየር ወደ ውስጥ የሚያስገባ ቀዳዳ አለው፤ ናፍጣው በጎደለ መጠን አየር ቦታውን ካልተካ በሳልባትዮው ውስጥ ባዶነት ይፈጠርና ፓምፑ መሳብ ያቅተዋል። በማጣሪያው ወይም በፓምፑ ላይ ደግሞ ከመስመሩ አየር የሚወጣበት፣ ሥራው ሲያልቅ ጠብቆ የሚታሰር ቡሎን ይኖራል። ሁለቱም «መተንፈሻ» ሲባሉ ይገኛሉ። ነገር ግን አንዱ ሁልጊዜ ክፍት መሆን አለበት፤ ሌላው ሁልጊዜ ዝግ። «መተንፈሻው መዘጋቱን ያረጋግጡ» የሚል ትእዛዝ ለሁለተኛው ትክክል፣ ለመጀመሪያው ጥፋት ነው። «መተንፈሻ» ለክዳኑ ቢቀር፣ ለቡሎኑ «አየር ማስወጫ» ቢባል ነገሩ ይጠራል። የመጀመሪያው የዕቃውን የዘወትር ባሕርይ፣ ሁለተኛው የመካኒኩን ድርጊት ይገልጻልና።

ሁለተኛው «ፓምፕ» ነው። በአንድ መስመር ላይ ሦስት ፓምፖች እንዳሉ ከላይ አይተናል፦ በማጣሪያው አናት ያለው፣ በዋናው ፓምፕ ሆድ ውስጥ ያለው ሳቢ ክፍል፣ ራሱ ዋናው ፓምፕ። «ፓምፑ አየር ይዟል»፣ «ፓምፑ ደክሟል» የሚል ዓረፍተ ነገር የትኛውን እንደሚል ካልታወቀ ዋጋ የለውም። የእጅ ፓምፑ ሽፋን በጥቂት ወጪ ይለወጣል፤ ዋናው ፓምፕ ሲታደስ ወጪው እጅግ የበዛ ነው። «የእጅ ፓምፕ»፣ «ሳቢ ፓምፕ»፣ «ዋና ፓምፕ» የሚሉት ቅጽሎች አዲስ ቃል ሳይፈጠር ልዩነቱን ይጠብቃሉ፤ የሚያስፈልገው በጽሑፉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይጣሉ መዝለቅ ብቻ ነው።

ሦስተኛው የሞተር «መነሣት» ነው። እንግሊዝኛው ሞተሩ በኤሌክትሪክ ኃይል መዞሩንና በራሱ ኃይል መሥራት መጀመሩን በሁለት የተለያዩ ግሶች ይለያል። በትርጉም ሲመጣ «ሞተሩ ይንቀሳቀሳል ነገር ግን አይጀምርም» የሚል ይነበባል። ሞተር በአማርኛ «አይጀምርም» አይባልም፤ ሥራ ነው የሚጀመረው። ሹፌሩም መካኒኩም «ሞተሪኖው ያዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሣም» ይላሉ፤ ልዩነቱ ከነወሰኑ በዚህ አነጋገር ውስጥ አለ። ያለ እርሱ ምርመራ አይጀመርም። ሞተሪኖው የማያዞር ከሆነ መንገዱ ወደ ባትሪና ወደ ኤሌክትሪክ ነው፤ የሚያዞር ከሆነ ወደ ናፍጣ፣ ወደ አየርና ወደ እመቃ ነው። ተርጓሚው ያልተለመደ ግስ ሲያስገባ አንባቢውን መንታ መንገዱ ላይ ጥሎት ይሄዳል።

5. ስለ «አለ» ግሶች

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን የቋንቋችን ጠንካራ መሣሪያ ከጽሑፍ ውጭ መቅረቱ ነው። አማርኛ ድምፅን፣ ፍጥነትንና የእንቅስቃሴን ጠባይ በ«አለ» ግሶች የሚገልጽ ቋንቋ ነው። «ጠቅ አለ»፣ «ስልል አለ»፣ «ድርግም አለ»፣ «ቡልቅ አለ» የሚሉትን ከአንድ ግስ ጋር በተውሳከ ግስ እያዋሃዱ ለመተካት ቢሞከር ግማሽ መስመር ይፈጃል፤ ያም ሆኖ አይተካም። የመመሪያ ተርጓሚዎች እነዚህን ግሶች የጨዋታ ቋንቋ አድርገው ስለሚቆጥሩ ይሸሿቸዋል። በምትካቸው «ሞተሩ ሥራ ያቆማል» የሚል አንድ ደረቅ ሐረግ ይጽፋሉ።

በጋራዥ ግን በ«ስልል ብሎ ጠፋ» እና በ«ድርግም ብሎ ጠፋ» መካከል ያለው ልዩነት የምርመራ ልዩነት ነው። ሞተር እየሰለለ፣ ጉልበቱ እየቀነሰ፣ እንደ ሻማ ፍጻሜ ተንጠልጥሎ ከጠፋ ናፍጣው ተርቧል፦ ማጣሪያው ተደፍኗል፣ የክዳኑ መተንፈሻ ተዘግቷል፣ ወይም በሳልባትዮው ውስጥ ያለው መሳቢያ በቆሻሻ ታፍኗል። መኪናው ጥቂት ቆሞ እንደገና ከተነሣና ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላ ዳግም ከሰለለ ወደ ክዳኑ መሄድ ይገባል፤ ክዳኑ ሲከፈት አየር በድምፅ ወደ ውስጥ ከገባ ምስክርነቱ ተሟልቷል። ሞተሩ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ድርግም ካለ ግን የመጀመሪያው ጥርጣሬ በዋናው ፓምፕ ላይ ወዳለው ናፍጣ ዘጊ የኤሌክትሪክ ክፍል ይሄዳል። ይህ ክፍል ከባትሪው 12 ቮልት ሲያገኝ ለናፍጣው በር ይከፍታል፤ ሽቦው ሲላቀቅ በሩን ይዘጋል። ቁልፍ ሲዞር «ጠቅ» ማለት አለበት። «ጠቅ» ካላለ ሽቦውን መመርመር ነው፤ አንድ የላላ ሽቦ ሙሉ ፓምፕ ያስወረደበት ጊዜ ቢኖር የሚገርም አይደለም።

በአራቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለውን ልዩነት ለማወቅም እንዲሁ ነው። ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር እየሠራ የአንዱ ኢኞቶሪ ቱቦ ዳዶ በጥንቃቄ ትንሽ ሲላላ፣ ጤነኛ ሲሊንደር ከሆነ ሞተሩ ወዲያው ይንዘፈዘፋል፤ የታመመው ሲሊንደር ከሆነ ግን ድምፁ አይለወጥም። «የሞተሩ የአሠራር ሁኔታ ለውጥ ያሳያል» ከሚለው ሐረግ ይልቅ «ይንዘፈዘፋል» የሚለው አንድ ግስ ተማሪው በጆሮውና በእጁ ምን እንደሚጠብቅ ይነግረዋል። መደበኛ ጽሑፍ መደበኛ የሚሆነው በትክክለኛነቱ ነው፤ ከሕዝብ አፍ በመራቁ አይደለም።

6. ስለ ጭስ

የጭስ ቀለም በናፍጣ ሞተር ምርመራ ውስጥ እንደ በሽተኛ ምላስ ይታያል። መመሪያዎቹ ነጭ፣ ጥቁርና ሰማያዊ ብለው ሦስት ዓምድ ይሠራሉ፤ ተርጓሚውም ሦስቱን የቀለም ስሞች አስቀምጦ ያልፋል። ሆኖም የቀለም ስም ብቻውን አይበቃም። ነጭ ጭስ ያልነደደ ናፍጣ ሊሆን ይችላል፤ በቀዝቃዛ ጠዋት የሚታይ ተራ እንፋሎትም ሊሆን ይችላል። የሚለያቸው ሽታው ነው፤ ያልነደደ ናፍጣ ዓይንና አፍንጫ ይቆጠቁጣል። እንግሊዝኛው ሰማያዊ የሚለውን ጭስ ደግሞ ሹፌሩ «ዳለቻ» ወይም «አመድማ» ብሎ ቢናገር ተሳሳተ አይባልም፤ እዚህም ቀለሙን የሚያጸናው የተቃጠለ ዘይት ሽታ ነው። ስለዚህ አማርኛው መመሪያ ከእያንዳንዱ ቀለም ጎን ሽታውን ሊጽፍ ይገባዋል።

ጥቁር ጭስ ከሌላ ጉዳይ ጋር ያገናኘናል። ጥቁር ጭስ ማለት ናፍጣው ለሚነድበት አየር በዝቷል ማለት ነው። የውጭው መመሪያ ይህን ሲያነብብ ኢኞቶሪን፣ የፓምፕ ልክንና የአየር ማጣሪያን ይጠረጥራል። ነገር ግን መመሪያው የተጻፈው ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ በማይል አገር ላለ አንባቢ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ለባሕር ዳርቻ አየር የተለካ ፓምፕ ደጋ ላይ ሲወጣ ናፍጣውን እንደዚያው ከላከ ጭሱ መጥቆሩ አይቀርም፤ ይህም የዕቃ ብልሽት ሳይሆን የልክ አለመስማማት ነው። ቃሉን በታማኝነት የተረጎመ፣ አገሩን ግን ያልተረጎመ መመሪያ ጤነኛ ኢኞቶሪ ያስለውጣል።

7. ስለ ጣልያንኛ ውርስና ስለ «ናፍጣ»

አንዳንድ ሊቃውንት የጋራዡን ጣልያንኛ እንደ እንግዳ አረም ይቆጥሩታል። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ጓርኒሲዮን፣ ዳዶ፣ ሳልባትዮ፣ ሞተሪኖ፣ ኢኞቶሪ የሚሉት ቃላት ብዙዎቹ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመንና ከእርሱ ጋር በተያያዘ የጋራዥ ሥራ የሰረጹ ናቸው። መነሻቸው የሚያስደስት አይደለም። ዛሬ ግን ባለቤታቸው አማርኛ ተናጋሪው መካኒክ ነው፤ በአማርኛ ያረባቸዋል፣ «ዳዶዎቹን»፣ «ካንዴላው» ይላል። በግእዝ ሥር አዲስ ስም ተፈጥሮ ቢሰጥ፣ መምህሩ አንዱን፣ ተማሪው በልምምድ ጊዜ ሌላውን፣ መለዋወጫ ሻጩ ሦስተኛውን ይናገራል። የጣልያንኛው ስያሜ እውነተኛ ጉድለት አጻጻፉ አለመርጋቱ ነው፤ አንዱ «ኢኞቶሪ»፣ ሌላው «ኢኞቶር» ብሎ ይጽፋል። የቃላት ሥራ እዚህ ላይ ሊረዳ ይችላል፤ አንድ አጻጻፍ መርጦ ማጽናት አዲስ ቃል ከመፍጠር ያነሰ ድካም፣ የበለጠ ጥቅም አለው።

በተቃራኒው «ነዳጅ» ከአማርኛው «ነደደ» ወጥቶ ማንም ሳያስገድድ የተለመደ ስም ነው። የተሳካውም ከድርጊቱ ስለተነሣ ነው፤ የሚነድ ነገር «ነዳጅ» ነው። ይህ ምሳሌ የሚያስተምረው፣ የራሳችን ሥር ሲገኝ ከግስ ተነሥቶ የተሠራ ስም እንደሚጸና ነው።

«ናፍጣ» ግን ለተርጓሚ ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ቃሉ በጣልያንኛው በኩል ገብቶ በአማርኛ ለናፍጣ ሞተር ነዳጅ ብቻ የሚነገር ሆኗል። በእንግሊዝኛ የኬሚስትሪ ጽሑፍ ውስጥ ያለው የዚሁ ቃል ዘመድ ግን ቀላልና ፈጥኖ የሚተን፣ ለቤንዚን የሚቀርብ የድፍድፍ ዘይት ውጤትን ይሰይማል። ድምፁን አይቶ «ናፍጣ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ሁለት የማይገናኙ ፈሳሾችን አንድ ያደርጋል። የፒካፑ ዋና ፓምፕ ውስጣዊ ክፍሎች የሚለሰልሱት በራሱ በናፍጣው ቅባትነት ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ቀላል ፈሳሽ ቢገባበት ብረት ከብረት እየተፋተገ ፓምፑ ይበላል። በወረቀት ላይ የአንድ ቃል ስሕተት የሆነው በጋራዥ ውስጥ የብረት ስሕተት ይሆናል።

8. ለሚነሣ ተቃውሞ

«መካኒክ የሚማረው በእጁ ነው፤ መመሪያ አያነብም» የሚል መልስ ሊሰጠን ይችላል። ለትላልቆቹ መካኒኮች ነገሩ እውነትነት ነበረው። ዛሬ ግን በሙያ ማሠልጠኛ የሚማረው ወጣት በጽሑፍ ይማራል፣ በጽሑፍ ይፈተናል፤ ከከተማ ርቆ መኪናው የቆመበት ሹፌርም በእጁ ካለው ወረቀት በቀር አማካሪ የለውም። ሌላው ተቃውሞ፣ ለአንድ የውጭ ቃል ሦስት አቻ መስጠት የስያሜን ሕግ ያፈርሳል የሚለው ነው። የስያሜ ሕግ የሚጠይቀው ለአንድ ጽንሰ ሐሳብ አንድ ቃል ነው። አየር መሳብ፣ ናፍጣ ማንጠባጠብና በግፊት መትፋት ሦስት ጽንሰ ሐሳቦች ናቸው፤ አንድ ያደረጋቸው የእንግሊዝኛው ልማድ ነው። ሕጉን የሚያፈርሰው እንግዲህ የውጭውን ቃል እንደ ጽንሰ ሐሳብ መቍጠር ነው።

9. ማጠቃለያ

ከዚህ ትችት አራት ተግባራዊ ሐሳቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ለቴክኒክ ሙያ የሚዘጋጅ ማንኛውም የቃላት ዝርዝር ከዕቃ ስሞች ጎን የብልሽት ግሶችን ይያዝ፤ «አየር ይስባል»፣ «ያንጠባጥባል»፣ «በግፊት ይተፋል»፣ «ያዞራል ግን አይነሣም»፣ «ስልል ብሎ ጠፋ»፣ «ድርግም አለ»፣ «ጠቅ ይላል» የመሳሰሉት ከነፍቺያቸው ይግቡ። ሁለተኛ፣ ከእያንዳንዱ ግስ ጎን የትኛውን ወገን ወይም የትኛውን ክፍል እንደሚያመለክት ይጻፍ። ሦስተኛ፣ የተለመዱት የጋራዥ ስሞች ይጠበቁ፤ አጻጻፋቸው ይጽና። አራተኛ፣ ማንኛውም የተተረጎመ መመሪያ ከመታተሙ በፊት መኪናውን ለማያውቅ ተማሪ ተሰጥቶ፣ ሆን ተብሎ አየር እንዲስብ በተደረገ ፒካፕ ላይ ይፈተን። ተማሪው ጽሑፉን ብቻ ተከትሎ ወደ ላላው ቱቦ ከደረሰ ትርጉሙ ትርጉም ነው። ዋናውን ፓምፕ ለማውረድ ቁልፍ ካነሣ ግን ጽሑፉ ወደ ተርጓሚው ይመለስ።